ሳይቀመስ የቀረው ብርዝ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ነቀምቴ ሲደርስ ከተማው የሚጠብቀው ጋዜጣና ወሬ ነበር። ሸዋጌጥ ግን ጋዜጣውንም ወሬውንም ለባለቤቶቹ ትታ የምትጠብቀው አንድ ፖስታ ብቻ ነው። ለመጠበቅ ደግሞ ከእሷ የተሻለ የተመቸው ሰው አልነበረም፤ የነቀምቴ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ለያይዋ ራሷ ናትና። በዚያ በ1964 ዓ.ም. የጥር ወር ከረጢቱ ተፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረገፍ፣ የሃያ አንድ ዓመቷ የግራዝማች ዓምደሚካኤል ልጅ የቻይናን ቴምብር ከመቶ ፖስታ መካከል ለመለየት ሁለተኛ ማየት አላስፈለጋትም።

“ኢንተላ ኮ፣” አሏት አለቃዋ አቶ ደረሳ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው፤ “ልጄ” ማለታቸው ነው። “ቻይና ዛሬም አልረሳችሽም መሰለኝ።”

“የመሥሪያ ቤት ሥራ ነው፣ አቶ ደረሳ፣” አለች ፖስታውን ኪሷ ውስጥ እየከተተች።

“እሱማ የመንግሥት ሥራ ነው። በይ ሂጂና ጓዳ ገብተሽ ሥሪው።”

ደብዳቤው የመርጋ ነበር። መርጋ ቀነዓ የዲጋ ገበሬ ልጅ፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደገ፣ ነቀምቴ ውስጥ ጂኦግራፊ የሚያስተምር የሃያ ስድስት ዓመት ሰው ነው። በሚሲዮኑ አዳራሽ የጠረጴዛ ቴኒስ ሲጫወት ኖሮ፣ የወለጋን ተጫዋች ሁሉ አሸንፎ፣ አገሩን ወክሎ ፔኪንግ ሄደ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ፔኪንግ ላይ በመጀመሪያው ግጥሚያ ነው የተሸነፈው፤ ይህንንም ራሱ እየሳቀ ጽፎላታል። አስተናጋጆቹ ግን ደግ ሰዎች ስለነበሩ ያሸነፈውንም የተሸነፈውንም ለሥልጠና አስቀሩት፤ በሥልጠናው መካከልም አገር ያሳዩአቸው ጀመር።

“ሸዌ፣” ይላል ደብዳቤው፣ “ትናንት ሁዋንግሻን የሚባል ተራራ ወጣን። ‘ወጣን’ ስልሽ ቀላል እንዳይመስልሽ። ከግርጌው እስከ ጫፉ ድንጋዩ ተጠርቦ ደረጃ ሆኗል፤ ጉልበቴ እስከ አሁን ይንቀጠቀጣል። ጨው በትከሻቸው ተሸክመው የሚወጡ ሽማግሎች እየሳቁብን አለፉን። ጥዶቹ የበቀሉት ከዐለት ስንጥቅ ውስጥ ነው፤ አፈሩን ከየት እንዳገኙት እግዜር ይወቅ። ደመናው ከእግራችን በታች ነበር። ከዚያ በረዶ ወረደ። የእኛ አገሩን፣ ቆርቆሮ የሚደበድበውን አይደለም፤ ይሄ እንደ ዱቄት ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚወርደው። ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ፤ ለካ አላውቀውም ኖሯል። ያን ሁሉ ውበት እያየሁ ግን ልቤ ቅር ይለዋል። አንቺ አጠገቤ ስለሌለሽ ግማሹን ብቻ ያየሁ ይመስለኛል።”

ሸዋጌጥ እዚህ ላይ ስትደርስ ደብዳቤውን ደረቷ ላይ አድርጋ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ውጭ የሚታየው የአቶ ደረሳ በቅሎና አንድ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ነው። ለእሷ ግን በረዶ ይወርድ ነበር።

“ከተራራው ወርደን አንድ የጥንት መንደር ገባን፤ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል አሉ። ግድግዳው ነጭ፣ ጣሪያው ጥቁር ሸክላ ነው፤ መካከሉ ላይ ኩሬ አለ፤ ቤቶቹ ኩሬው ውስጥ ተገልብጠው ይታያሉ። በድሮ ጊዜ የመንደሩ ወንዶች ነጋዴዎች ነበሩ፤ ሚስት አግብተው በሳምንቱ ሩቅ አገር ይሄዳሉ፤ አንዳንዱ ሳይመለስ ይቀራል። መግቢያው ላይ ትልልቅ የድንጋይ በሮች ቆመዋል። አንዱ የማን እንደሆነ ብጠይቅ፣ ባሏን አርባ ዓመት ጠብቃ ለሞተች ሴት መታሰቢያ ነው አለኝ አስተርጓሚው፤ የድሮ ሥርዓት ነው ብሎ ቶሎ ሊያሳልፈኝ ነበር። እኔ ግን ድንጋዩን ስነካው ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ሸዌ፣ ለአንቺ ድንጋይ እንዲቆምልሽ አልፈልግም። ጥር ሳያልቅ እመጣለሁ።

“አጎቴ ኦቦ ታፋ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ለሦስተኛ ጊዜ አንቺን ሊጠይቁልኝ አባትሽ ዘንድ ይመጣሉ። እኔ እዚያ ብኖር ሁለቱንም ወገን አስቀድሜ አነጋግር ነበር። የእኛዎቹ መጠጥ በአፋቸው እንደማያዞሩ ታውቂያለሽ። እባክሽ አንድ ዘዴ ፈልጊ።”

እሑድ የቀረው ሦስት ቀን ነው። ሸዋጌጥ ዘዴውን እዚያው ጓዳ ውስጥ አገኘችው፤ በማግኘቷም በጣም ደስ አላት።

ግራዝማች ዓምደሚካኤል የመንዝ ሰው ናቸው። ነቀምቴ ላይ ችሎት መቀመጥ ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ኦሮምኛውን ከተወለዱበት ቋንቋ እኩል ይናገሩታል፤ ፍርዳቸውም አያዳላም ይባልላቸዋል። ሴት ልጃቸውን ለዲጋ ጭሰኛ ልጅ፣ ያውም ለሚሲዮን ተማሪ መስጠት ግን ከችሎት ጉዳይ ሁሉ ከበዳቸው። ሽማግሎቹ መጀመሪያ ሲመጡ “ላስብበት” አሉ። ሁለተኛ ሲመጡ “ዘመድ ላማክር” አሉ። በዚህ መካከል ሚስታቸው ወይዘሮ በዛብሽ ደጋግመው ከመለመን አላረፉም። ኳስ በሳንቃ የሚመታ ሰው አገር ይወክላል ወይ ብለው ሲያላግጡ የነበሩት ግራዝማች ራሳቸው፣ አንድ ቀን የመርጋን ስም በራዲዮ ሲሰሙ “መቼም ልጁ ወኔ አለው” ብለው ራዲዮኑን ከፍ አደረጉት። ሸዋጌጥ ያን ቀን ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ የደስታ ነው።

አንድ ነገር ግን አለ። በግራዝማች ቤት ቃል በአፍ ብቻ አይሰጥም። “ልጄን ሰጥቻለሁ” ካሉ በኋላ አባትየው በገዛ እጃቸው ጠጅ ያቀርባሉ፤ ሽማግሎቹ ይጠጣሉ፤ ቃሉ ታሰረ የሚባለው ያን ጊዜ ነው። አባታቸውም፣ የአባታቸው አባትም እንዲሁ ሲያደርጉ ኖረዋል። ብርዝ ይሁን ቢባሉ አይሰሙም፤ ብርዝ እሳቸው ዘንድ የሕፃንና መድኃኒት የሚወስድ ሰው መጠጥ ነው።

እሑድ ጠዋት፣ ቤተሰቡ ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለስ፣ ሸዋጌጥ ሦስት ብርሌ አጥባ ብርዝ ሞላችባቸው። ማሩ ያው የጠጁ ማር ነው፤ ቀለሙም ያው ነው፤ ጌሾ ያልገባበት ከመሆኑ በቀር ማንም በዓይኑ አይለየውም። ለእናቷ አልነገረችም፤ ወይዘሮ በዛብሽ ከባላቸው የሚደብቁት ነገር ፊታቸው ላይ ይነበባልና። ለሽማግሎቹም መልእክት አልላከችላቸውም፤ ማታለል ነው ብለው እምቢ እንዳይሉ ፈራች። ሐሳቧ ቀላል ነበር፦ ብርሌውን ወደ አፋቸው ጠጋ ሲያደርጉ ሽታውን ያውቁታል፤ ይገባቸዋል፤ ይጠጣሉ። አባቷም ጠጅ የጠጡ ይመስላቸዋል። እግዜርም በዚህ አይቆጣም።

ኦቦ ታፋ፣ ኦቦ ፉፋና ኦቦ ባቻ ከዲጋ በእግራቸው መጡ። ሦስቱም የዲጋ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሎች ናቸው፤ ሦስቱም ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። ሸዋጌጥ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ቆማ ታዳምጥ ነበር። ሴት ልጅ ስለ ራሷ ነገር ሽማግሎች ፊት አትወጣም።

“እንግዲህ፣” አሉ ግራዝማች ከብዙ ሰላምታ በኋላ፣ “ብዙ አመላልሻችኋለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ልጃችሁ ጨዋ ነው፤ እናንተም ጨዋዎች ናችሁ። ልጄን ሰጥቻለሁ።”

ወይዘሮ በዛብሽ “እልል” ሊሉ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሸዋጌጥ መጋረጃውን ጨበጠች። በሕይወቷ ሙሉ እንደዚያች ደቂቃ የተደሰተችበት ጊዜ አልነበረም።

ግራዝማች ትሪውን ራሳቸው አንሥተው ሦስቱን ብርሌ በሽማግሎቹ ፊት አቀረቡ። ሽማግሎቹ ብርሌዎቹን አዩ። እርስ በርሳቸውም ተያዩ። አንዳቸውም እጃቸውን አልዘረጉም።

“ጎፍታ ኮ፣” አሉ ኦቦ ታፋ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ “ጌታዬ፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። ይህን ግን በአምላክ ፊት ከተውነው ሃያ ዓመት ሆነን። ውሃ ይስጡን፤ በውሃው እንመርቃለን።”

“በውሃ?” አሉ ግራዝማች። ድምፃቸው ገና አልተቆጣም፤ የተጎዳ ሰው ድምፅ ነበር። “ኦቦ ታፋ፣ ስከሩ አላልኩም። ቃሌ ነው ያቀረብኩላችሁ። ከንፈራችሁን ብቻ አስነኩት።”

“አንችልም፣ ጌታዬ። አይቀየሙን።”

ሦስቱን ቃላት ሸዋጌጥ ምላሷ ላይ አድርሳቸዋለች። “አባባ፣ ብርዝ ነው።” ይኸው ነው። መጋረጃውን ገልጣ ይህን ብትል ሽማግሎቹ ይጠጣሉ። አባቷ ግን በእንግዳ ፊት፣ በገዛ ቤታቸው፣ ልጃቸው ቃላቸውን በሐሰት ልታስር እንደነበረ ይሰማሉ። አንድ ትንፋሽ ያህል ጠበቀች። ኦቦ ፉፋ በመሐል ገብተው የሚያበርዱት መሰላት፤ እናቷ አንድ ነገር የሚሉ መሰላት። ሁሉም ሌላው እስኪናገር ጠበቀ።

“ልጄን ይፈልጋሉ፣ ቤቴን ይጸየፋሉ፣” አሉ ግራዝማች። “በቃ። ቃሌን አንሥቻለሁ።”

ሽማግሎቹ ከወጡ በኋላ ግራዝማች ብርሌዎቹን ሳያዩአቸው “ድፉት” አሉ። ሸዋጌጥ ሦስቱንም ወደ ጓሮ ወስዳ ጎመኑ ሥር ደፋቻቸው። እጇ ላይ የፈሰሰው ሲደርቅ ጣቶቿ ተጣበቁ፤ ሳትታጠባቸው ለረጅም ጊዜ እዚያው ቆማ ቀረች።

በሳምንቱ ማክሰኞ የአበጋዝ ሽማግሎች መጡ። አበጋዝ ጊዳ አያና ላይ እህልና ቡና የሚነግድ፣ አባቱ ከጎጃም የመጡ፣ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነው። ክፉ ቢሆን ደስ ባላት፤ ግን ክፉ አይደለም። ሁለት ጊዜ አይታዋለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ባርኔጣውን አውልቆ ሰላም ብሏታል። ሽማግሎቹ ጠጁን ጠጡ፤ አንደኛው እንዲያውም ይደገመኝ አሉ። ግራዝማች ከዚያ እሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ሠርጉ ከቅበላ በፊት እንዲሆን ተቆረጠ።

ያን ቀን ሸዋጌጥ ወደ ቻይና ደብዳቤ ጻፈች። ማኅተሙን የመታችበት ራሷ ናት፤ ደብዳቤው እዚያ ሲደርስ መርጋ እንደማይኖር የምታውቀውም ራሷ ናት።

መርጋ የተመለሰው ጥር ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ሐሙስ ማታ በአውቶቡስ ገብቶ፣ ዓርብ ጠዋት ዲጋ እንኳ ሳይሄድ፣ ፖስታ ቤቱ ሲከፈት መስኮቷ ፊት ቆመ። ጥጥ የታጨቀበት ሰማያዊ የቻይና ካፖርት ለብሶ በነቀምቴ ፀሐይ ላቡ ይንጠፈጠፋል፤ አያወልቀውም፤ እንድታየው ነው ያመጣው።

“የሁዋንግሻን ቴምብር አለ እንዴ እዚህ?” አላት።

ልትስቅለት ፈለገች። ከንፈሯ እምቢ አላት። አቶ ደረሳም ወረፋ የያዙትን ሁለት ሰዎች ወደ ራሳቸው መስኮት ጠርተው “ጓዳ ግቡ ልጆቼ” አሏቸው።

ከረጢቶቹ መካከል ቆመው ሁሉንም ነገረችው። እሱም መሬት መሬት እያየ ሰማ። ብርዙ ላይ ስትደርስ ግን ቀና አለ።

“ብርዝ?” አለ፤ ሳቀም። “ሸዌ፣ ብርዝ ከሆነማ ምን ጠፋ? እነ ኦቦ ታፋ ብርዝ ይጠጣሉ። አባትሽ ዳኛ ናቸው፤ እውነቱን ከሰሙ ይፈርዱልናል። አሁኑኑ እንሂድ።”

“የአበጋዝ ሽማግሎች ማክሰኞ ጠጡ፣ መርጋ።”

“ይጠጡ! መጀመሪያ የተሰጠሽው ለእኔ ነው።” እጇን ያዘ፤ ከዚያ በፊት ሰው ባለበት ቤት እጇን ይዟት አያውቅም። “ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። እዚያው ቆመሽ ሳለ ለምን አልተናገርሽም?”

“ፈራሁ።”

ሌላ ምክንያት ቢኖራት ትሰጠው ነበር። መርጋ እጇን አልለቀቀም፤ ጣቶቹ ግን ላላ አሉ፤ ሸዋጌጥም ተሰማት።

ግራዝማች ለምሳ ቤት ገብተው ነበር። መርጋን ደጃፉ ላይ ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ፤ ግን እንግዳ ነውና “ግባ” አሉት። ወይዘሮ በዛብሽ ከጓዳ ብቅ ብለው የሚሆነውን ሲጠብቁ፣ ሸዋጌጥ በዚህ ጊዜ ማንም እስኪናገር አልጠበቀችም። አባቷ እግር ሥር ተንበረከከች።

“አባባ፣ ያን ዕለት ብርሌው ውስጥ የነበረው ጠጅ አይደለም። ብርዝ ነው። እኔ ነኝ የቀዳሁት። እነሱ ጠጅ መስሏቸው ነው ያልነኩት፤ እርስዎ ደግሞ የናቁዎት መስሎዎት ነው የተቆጡት። ሁላችሁም ምንም አላጠፋችሁም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እኔን ይቅጡኝ።”

ሸዋጌጥ ጩኸቱን ጠበቀች፤ አለንጋውንም ቢሆን ጠበቀች። ያ ሁሉ ቢመጣ በደስታ ትቀበለው ነበር፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ተነሥታ ከመርጋ ጋር መውጣት ትችላለች።

“ብርዝ ነበር?” አሉ ግራዝማች።

“ብርዝ ነበር፣ አባባ።”

“ሠላሳ ዓመት ችሎት ተቀምጫለሁ፣” አሉ፤ የሚናገሩት ለመርጋ ይሁን ለራሳቸው አልታወቀም። “ሌባውን እንኳ ሳልጠይቅ ፈርጄበት አላውቅም። እነዚያን ጨዋ ሰዎች ግን ለምን ብዬ አልጠየቅኋቸውም። ብርሌውን አንሥቼ ብቀምሰው ኖሮ አውቅ ነበር። አልቀመስኩም።”

“ጌታዬ፣” አለ መርጋ፣ “አሁን አወቁ። አሁን ይፍረዱልን።”

ግራዝማች ተነሡ። እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው ለአንድ አስተማሪ ቆሞ ሲናገር ወይዘሮ በዛብሽ አይተው አያውቁም።

“ልጄ፣ ያንተ ነበረች። በአፌ ሰጥቼህ ነበር፤ በቁጣዬ ወሰድኩብህ። ይቅር በለኝ። ያ የጊዳ አያናው ሰው ግን ቃሌን ጠጥቷል። ዘመዶቹን ጠርቷል። ምን አጠፋ ብዬ ነው የማፈርሰው? አንዴ ያለ ጥፋት ፈረድኩ፤ ሁለተኛ ያለ ጥፋት እንድፈርድ ነው የምትጠይቀኝ?” ድምፃቸው ተሰበረ። “አልችልም። ብችል አደርገው ነበር። አልችልም፣ ልጄ።”

እንባቸው ሲወርድ አልጠረጉትም። ሸዋጌጥ አባቷ ሲያለቅሱ አይታ አታውቅም ነበር። መርጋ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ፤ ከሽማግሌ እንባ ጋር የሚከራከር ሰው አይደለም።

እስከ አጥሩ በር ሸኘችው። ካፖርቱን አሁን ነው ያወለቀው፤ ክንዱ ላይ አንጠልጥሎታል።

“እህቴ ደራርቱ ጊምቢ ናት፣” አላት ቀስ ብሎ። “የጊምቢው አውቶቡስ ከሰዓት በኋላ ይነሣል። ና ውሰደኝ በይኝ፣ ወይም እመጣለሁ በይኝ። አንዱን በይኝ።”

ሸዋጌጥ የአጥሩን እንጨት ያዘች። “ቢጮሁብኝ ኖሮ እሄድ ነበር፣ መርጋ። ቢመቱኝ ኖሮ በባዶ እግሬ እከተልህ ነበር። ይቅር በለኝ አሉህ እኮ። አለቀሱ። ከዚህ በኋላ እንዴት አድርጌ ነው የምሄደው?”

“እኔስ?” አለ።

መርጋ ዓይኗን ዓይኗን አያት፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻላት ነበር። ከዚያ “ደህና ሁኚ፣ ሸዌ” ብሎ ቁልቁል ወደ ገበያው መንገድ ሄደ።

ገና መታጠፊያው ላይ ሳይደርስ፣ ዛፍ ሥር የተቀመጡ ሦስት አራት ሰዎች አዩት። ከተማው ገና አሁን ማየቱ ነው። “መርጋ! አከም ጅርታ? ደህና ነህ? መጣህ እንዴ?” እያሉ ተነሡ። አቀፉት፤ ትከሻውን መቱት፤ ካፖርቱን ተቀብለው እያገላበጡ አዩት። “እህ፣ ቻይና እንዴት ናት?” ሲሉ ሸዋጌጥ ከአጥሩ ጋ ትሰማለች።

“ደህና ናት፣” አለ መርጋ። “ተራራዋ በጣም ያምራል።”

ንገረን አሉት። መርጋ በአስተዳደጉ ታላቅ ሲጠይቀው አቋርጦ የሚሄድ ልጅ አይደለም፤ ቆሞ ነገራቸው። ስለ ደረጃው፣ ስለ በረዶው፣ ኩሬው ውስጥ ስለሚታዩት ቤቶች፣ አንድ በአንድ። እነሱ ይስቃሉ፣ ይገረማሉ፣ ሌላ ይጠይቃሉ። ሸዋጌጥም ከበሩ ሳትንቀሳቀስ ቆመች፤ ለእሱ አዝና ቶሎ ቢለቁት ብላ እግዜርን ለመነች፤ እነሱ ግን አልለቀቁትም።